የኮሪያ ቃል የጻፍሁበት ወረቀት

ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ባልቆጠርሁ ኖሮ አንድ ሽማግሌ ከእንጀራቸው አይፈናቀሉም ነበር።

በደርግ ጊዜ ቢቸና ውስጥ በአንዲት ሴት ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርሁ። አንድ ቀን፣ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ የእርሻ ባለሙያዎች ከሞጣ ሲመለሱ ምሳ እኛ ዘንድ እንደሚበሉ ተነገረን። ቋንቋቸውን የሚያውቅ የለም። ባለቤቲቱ የእህል መጋዘኑን ዘበኛ አስታወሰች፤ ሽማግሌው በንጉሡ ጊዜ ኮሪያ ዘምተዋል። የዘመቱት ግን ከደቡቡ ጋር ሆነው እነዚህኑ ሰሜኖቹን ሊወጉ ነው። ያን ጊዜ ይህ ወሬ ራሱ ያሳስራል። ሁለታችን ሄደን ለመንናቸው። ስሜ እንዳይነሳ ብለው እሺ አሉ።

ሰው በሌለበት ሰዓት መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠው ያስጠኑኝ ጀመር። ውሃ «ሙል» ነው። «ቶ ጁሴዮ» ካሉ ጨምርልን ማለታቸው ነው። «ማሺሶዮ» ካሉ ጣፍጧቸዋል። ስታቀርብላቸው «ማኒ ዱሴዮ» በል፣ በደንብ ብሉልኝ ማለት ነው።

«‹ፔ ቡሎዮ› ካሉህ ጠግበዋል። እንደኛ አገር በሞቴ እያልህ ሰው እንዳትገድል» አሉኝ።

ሁሉንም ጻፍሁ። አስተማሪያችን በጽሑፍ ራስጌ የተናጋሪው ስም ይቀመጣል ብሎን ነበር። የሰው ስም መጻፍ መቻሌ አኩርቶኝ የእሳቸውን ከነአባታቸው አሳምሬ አስቀመጥሁ።

እንግዶቹ መጡ። «ማኒ ዱሴዮ» ስላቸው እየሳቁ አጨበጨቡልኝ። አብሯቸው የነበረው ካድሬ ከየት ተማርኸው አለኝ። ከሰው ሰማሁ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ማንበብና መጻፍ መቻሌን ይይልኝ ብዬ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። ራስጌውን አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በሳምንቱ ሽማግሌውን ወሰዷቸው። ሁለት ወር ታስረው ሲወጡ ዘበኝነቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ሞጣ፣ የእህታቸው ልጅ ቤት ገቡ።

እውነቱን ልነግራቸው ሞጣ ድረስ ሄድሁ። ምሳ አቀረቡልኝ። ገና አፌን ሳልከፍት፣

«ያቺ ሴትዮ ሸጠችኝ» አሉ። «ከእሷና ከአንተ በቀር ማስጠናቴን የሚያውቅ አልነበረም። አንተ ደግሞ ይኸው ጠየቅኸኝ።»

ይህን ብለው አጎረሱኝ። አፌ ሙሉ ነው ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። ዋጥሁት፤ ከዋጥሁም በኋላ አልተናገርሁም።

ቢቸና ስመለስ ባለቤቲቱ እኔንስ አነሱኝ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሰላም በላት ብለዋል አልኋት። እውነት መስሏት ስንቅ ቋጥራ ሞጣ ወረደች። ከበር መለሷት፤ ስንቁንም አልተቀበሏትም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን አድርጌያቸው ነው?» አለችኝ።

እኔ እንጃ አልኋት።