ወንድሜ የተመሰገነበት ጾም

ታላቅ ወንድሜ ሑዳዴ ሲገባ ሲጋራ አቆመ ተብሎ፣ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለው አበሻ ሁሉ ደስ አለው። እሱ ግን በቬፕ፣ በኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው የተካው። «ይሄ እኮ እንፋሎት ነው፤ ጾም አያስገድፍም» አለኝ፣ የሐብሐብ ሽታውን ፊቴ ላይ እየለቀቀ።

ምላሱ ጎን ላይ ነጭ ቁስል ነበረበት። ሚጥሚጣ ነው ብሎ ሚጥሚጣውን ተወ፤ ቁስሉ ግን አልተወውም። ኤስኲሊኖ ሰፈር ተቀጥሬ የምንከባከባቸው አሮጊት ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ፣ ስልኬን አውጥቼ በጣሊያንኛ ፈለግሁ። ሲጋራ የአፍ ካንሰር ያመጣል ይላል። የቬፕ ጉዳት ገና ተጠንቶ አላለቀም፤ በሦስት ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስል ደግሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የእሱ ከዚያ አልፎ ነበር። እሁድ ሳገኘው ነገርኩት።

«አሎራ፣ እንግዲያው እኔም ልፈልግ» አለና «ቬፕ ከሲጋራ ይሻላል?» ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቶ፣ «ይሻላል ይላል፤ ቫ ቤኔ፣ ችግር የለም» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወረድ ብለህ አንብብ ብለው፣ «ኢንተርኔት ላይ ራስ ምታትም ካንሰር ነው» አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

ከዚያ መብላት አቃተው። ሽሮ ሲያቃጥለው ዳቦ በውሃ እያራሰ መዋጥ ጀመረ። ከሳ፣ ጉንጩ ጎደጎደ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ «ጾሙን እንዴት ጠንክሮ ያዘው» እያሉ ለባሎቻቸው ያሳዩታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ምስጋናውን ይቀበላል። ከመካከላቸው ለአንዲት ትልቅ ሴት «እማማ፣ ሐኪም ቤት እንዲሄድ እርስዎ ይምከሩልኝ» ብላቸው፣ «በጾም ምድር አታሟርቺ ልጄ» አሉኝ። ለክብራቸው ስል «እሺ እማማ» ብዬ ዞርኩ።

በፋሲካ ምሳ ላይ እኚያው እማማ አጎረሱት። የትልቅ ሰው ጉርሻ አይመለስምና ተቀበለ፤ አልወርድ አለው። በሶፍት ሲተፋው ደም ነበረበት። ያን ጊዜ ሁሉም «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሐኪም ቤት አትወስጂውም?» እያሉ እኔ ላይ ተነሡ።

ወስጄው ተመረመረ። ሐኪሟ ካንሰር መሆኑንና መሰራጨቱን ከነገረችን በኋላ፣ ለምን እንደዘገየን ጠየቀችን። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይጾም ነበር አልኳት።

«ምግብ ሲያቅተው፣ እንዲህ ሲከሳ፣ ያየው ሰው አልነበረም?»

«ሁሉም አይተውታል፣ ዶቶረሳ» አልኳት። «ያመሰግኑት ነበር።»