በገነቴ እንሰት ላይ የወደቀው አውሮፕላን

ገነቴ ከዶዮገና ገበያ ስትመለስ አውሮፕላን ጓሮዋ ውስጥ ተኝቶ አገኘችው። ይህ ለሰው ይነገራል? እንግዳ በበር ይገባል፤ ይሄኛው በሰማይ መጥቶ፣ አጥር ጥሶ፣ እንሰቷን አጭዶ በሆዱ ተዘርግቷል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አውሮፕላኑ የከብት ቆዳ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲበር ጭጋግ ውስጥ ሞተሩ ጠፋበት አሉ። ሁለቱ አብራሪዎች በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፈው፣ አንደኛው ክንዱ ተሰብሮ፣ በቃሬዛ ወደ ሆሳዕና ተወሰዱ። ገነቴ ተንበርክካ ስለ ነፍሳቸው አመሰገነች። ከተነሳች በኋላ ግን የወደቀውን እንሰት ቆጠረች። አርባ ሦስት ሆነ።

አርባ ሦስቱንም ሟች ባሏ ነበር የተከላቸው፤ ስድስት ዓመት ጠብቃ ለመፋቅ ገና መድረሳቸው ነበር። አራት ልጆቿ ዓመቱን የሚበሉት ቆጮ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የወደቀ እንሰት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ቶሎ ተፍቆ ጉድጓድ ካልገባ ይበሰብሳል።

በማግስቱ ከወረዳው ወረቀት መጣ። መርማሪዎች ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ድረስ በአውሮፕላኑ ዙሪያ አንዲት ቅጠል የነካ ይታሰራል ይላል። ሽብሩ የሚባል ፖሊስም ጠመንጃውን አንግቶ ጓሮዋ ውስጥ ተተከለ። ሽብሩ እኮ እዚሁ አጠገብ የጊምቢቹ አገር ልጅ ነው፤ እናቱ እንሰት እየፋቀች ያሳደገችው!

«ልጄ፣ ብረቱን ማን ነካብህ? እንሰቴን ልፋቅ ነው የምልህ» አለችው።

«እትዬ ገነቴ፣ ቅጠልም ይላል ወረቀቱ።»

«ወረቀቱ እንሰት ያውቃል?»

«እኔ ታዝዤ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ገነቴ ወረዳ ሄደች፤ ነገ ነይ አሏት። በነጋታውም ሄደች። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ «እንሰቱ የመንግሥት ማስረጃ ነው» አላት።

«ከመቼ ጀምሮ ጌታዬ?»

«አውሮፕላኑ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ።»

ወይ አበሳ! ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ከዱራሜ ሳይቀር ለማየት የመጣ ሰው ግቢዋን ሞልቶታል። ክንፉ ስንት ክንድ ነው? አብራሪው ፈረንጅ ነው? ስለ እንሰቱ አፉን የከፈተ አንድ ሰው የለም። ቆዳው መሽተት ጀምሯል፤ የአገሩ ውሻ ሁሉ እዚያው ነው የሚውለው። ገነቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሰማዩንም፣ ወረዳውንም፣ ውሾቹንም አንድ ላይ ረገመች።

ጎረቤቷ ጣቢታ እርግማኑን ሰምታ መጣች። «ገነቴ፣ ምን ልመና ያስፈልግሻል? እንሰት ሊፋቅ ሲል ሽብሩ የት ሊቆም ነው?»

ገነቴ ብድግ አለች። በዚያ አገር እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ሴቶቹ አንድ እግራቸውን አንስተው እንሰቱን ሳንቃው ላይ እየረገጡ ሲፍቁ ጭናቸው ስለሚገለጥ፣ ወንድ እዚያ ድርሽ አይልም። ያየ ወንድ እናቱን ያዋረደ ያህል ነው።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሴቶች የቀርከሃ መፋቂያቸውን ይዘው ገቡ።

«ቁሙ! በሕግ አምላክ!» አለ ሽብሩ።

ማን ሰምቶት! ተቀመጡ። ገነቴ ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን አነሳች።

«ኧረ በፈጠራችሁ!» ሽብሩ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ከአጥር ውጭ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ «ብረቱን እንዳትነኩ!» እያለ ሲጮህ ሰነበተ። አሥራ ሁለቱ እንሰት በስብሶ ነበር፤ ሠላሳ አንዱ ጉድጓድ ገባ።

መርማሪዎቹ የመጡት በሁለተኛው ወር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አለቃቸው አቶ አክሊሉ ጭቃውን እየተጠየፉ ዞሩና ሽብሩን ጠሩት።

«ይህ ሁሉ ሲነሳ የት ነበርክ?»

«ሴቶች እየፋቁ ነበር ጌታዬ።»

«እና?»

«እና ወንድ ነኝ ጌታዬ።»

አቶ አክሊሉ ራሳቸውን ነቅንቀው ጻፉ፤ ገነቴ በጣቷ እንድትፈርም ጮክ ብለው አነበቡላት። «አውሮፕላኑ ባዶ መሬት ላይ ስለወደቀ በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።»

ገነቴ ጣቷን ወደኋላ ሸሸገች። ልትናገር ስትል ዝናቡ ወረደ፤ መኪናቸው ጭቃ ያዘው። እንግዶቹ ቤቷ ተጠልለው እስከ ከሰዓት ቆዩ። በመጨረሻ አቶ አክሊሉ እያፈሩ፣ «የሚቀመስ ነገር ይኖር ይሆን?» አሉ።

ጉድጓዱን ከፈተች። ቆጮውን ጋግራ ከጎመን ጋር በኮባ ቅጠል አቀረበችላቸው።

«ይብሉ ጌታዬ፤ ባዶው መሬት ያበቀለው ነው።»

አቶ አክሊሉ የጎረሱትን ውጠው እጃቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥተው የጻፉትን ሰረዙ።

«ስንት ነበር እንሰቱ?»

ሁለት ወር ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ገነቴ ቁጥሩን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት።

«አርባ ሦስት ነበር ጌታዬ» አለ ሽብሩ ከበሩ ላይ። «የመጣሁ ዕለት ቆጥሬዋለሁ።»