እህቴን ከፊደል ያስነሷት ሼኽ

ዛሬ ጅማ ባንክ ቤት እህቴ ዘይነባ በአውራ ጣቷ ስትፈርም አየሁና ደሜ ፈላ። እኔ ያለ አስተማሪ በሦስት ቋንቋ የማነብ ሰው ነኝ፤ በከተማችን በሰርቦ የሚስተካከለኝ የለም። በደርግ ጊዜ ግን፣ እርጥብ ቡና በሚሸት መጋዘን ውስጥ መሠረተ ትምህርት ስንማር፣ ፊደሉን ቀድማኝ የለየችው እሷ ነበረች።

ትምህርቱ በተጀመረ በሳምንቱ የሰፈራችን ሼኽ አባታችንን፣ "ልጅህ ከወንዶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች? ሐራም ነው!" አሉት።

አባታችንም "ሼኹ ካሉ አለቀ" ብሎ አስነሳት። ጠመኔዋን እንደጨበጠች ወጣች።

"ሼኹ ዕድሜሽን በሉት እኮ!" አልኳት ከባንኩ ስንወጣ።

"ተው አንተ! ለውትድርና ሲያፍሱ ቤታቸው የደበቁህ እሳቸው አይደሉ? እኔ በየሶላቱ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ።"

መደበቁንስ ደብቀውኛል፤ ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደም።