ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አልወድም። ሞጣ ላይ ሒሳብ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን አንድም ቀን ደብቄ አላውቅም። ፊቴን ወደ ሰሌዳው ባዞርኩ ቁጥር ከኋላዬ ስድሳ አፍ ይከፈታል። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ዴስኩን እንደ ከበሮ ይደልቃል፣ ዞር ስል ሁሉም መነኩሴ ይሆናል። የክፍል አለቃውን የረባሽ ስም ጻፍ ብለው የተጣላቸውን ብቻ ጽፎ ይሰጠኛል። የቀረኝ መሣሪያ አንድ ነበር፤ ወላጅ ማስመጣት።

እሱም የዶለዶመ መሣሪያ ነው። ስልክ ልደውል ብል የሚሰጡኝ ቁጥር የጓደኛቸው ነው፤ ድምፁን አጎርንኖ «አቤት፣ አባቱ ነኝ» ይለኛል። በአካል ይምጣ ስል ደግሞ አባት ይከራያሉ። እኔን በዚህ ማታለል ዘበት ነው፤ ቢቸና ተማሪ ሳለሁ እኔም ተከራይቻለሁ። ከከብት ገበያ አንድ ደላላ በግማሽ ጠርሙስ አረቄ አግባብቼ፣ ክፍሌን፣ ሴክሽኔንና ደረጃዬን መንገዱን ሙሉ አስጠናሁት። ዩኒት ሊደሩ ፊት አንዲት ሳይስት መለሰ፤ ሲጨርስም እንደ አባት ኩርኩም አቀመሰኝ። ኩርኩሙ በውላችን ውስጥ አልነበረም።

ከክፍሌ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ከኋላ የምትቀመጥ ጎበዝ ተማሪ። ያን ቀን ክፍሉ ከጠዋት ጀምሮ ሲንጫጫብኝ ነበር። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ሠርቼ ሳልጨርስ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ማይነሷን ረስተዋታል።»

ልክ ነበረች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ አንዱ ከመሀል «ዜሮ ከአሥር» አለ። ያን ያለውን አላየሁትም፤ እሷን ግን አይቻታለሁ። «ውጪ። ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ» አልኳት። ለብሔራዊ ፈተናው የቀረው ሁለት ወር ነው። ከክፍል የምትቀርበት እያንዳንዱ ቀን እንደሚጎዳት አውቃለሁ። አውቄ ነው ያስወጣኋት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው አስከትላ መምህራን ቢሮ መጣች። እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«የኔታ፣ አጥፍታ እንደሆነ ይማሯት።»

ወንበር አልሰጠሁትም። «ስንተኛ ክፍል ናት?» አልኩት።

«እሱንስ እኔ ምኑን አውቄው፤ ከትልቁ ክፍል ናት ይሉኛል።»

«ሴክሽኗስ?»

ቃሉን ሰምቶትም የሚያውቅ አይመስልም።

«ባለፈው ሴሚስተር ስንተኛ ወጣች?»

«ደኅና ናት ይላሉ። ሰው ትሁንልኝ ብዬ ነው።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ። እንደዚህ ያለ ሰነፍ የኪራይ አባት አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ማስጠናት እንኳን አቅቷታል ብዬ ሳቅኩ። «በስንት መለኪያ ነው የገዛችህ?» አልኩት። አንተ ብዬ፤ አባቴ የሚሆን ሰው።

«አረቄ አልቀምስም፣ የኔታ። ልጄ ናት።»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ» አልኩት። ቢሮው ውስጥ የነበሩት መምህራን ሳቁ። ሰውየው ወደ ልጁ ዞረ፤ ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ እንድትነግረው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እሷ ዱላውን አንሥታ ሰጠችው። «እንሂድ፣ አባዬ» አለች። እኔን አላየችኝም።

ሰኞ ሌላ አባት ይዛ መጣች። ይኼኛው ኮት ለብሶ ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል። ክፍሏን፣ ሴክሽኗን፣ ደረጃዋን፣ የክፍል ኃላፊዋን ሳይቀር ይዘረግፈዋል። «ከትምህርት ቤቱ ጎን ቆመን ክትትል እናደርጋለን» አለ። ወንበር ስቤ «ይቀመጡ» አልኩት፤ እንደ እርስዎ ያለ ወላጅ ቢበዛልን ብዬም አመሰገንኩት። መግቢያ ወረቀቷን ፈረምኩ።

እረፍት ላይ የግቢው ጥበቃ ጠጋ አለኝ። «ፊተኛው ሰውዬ ምን በደለዎት?» አለ። «የኛ ቀበሌ ሰው ነው፤ ልጁን ለማስተማር ያልሆነው የለም። እንባውን እየጠረገ ነው የወጣ። የዛሬውማ መናኸሪያ የባሕር ዳር ሚኒባስ ተራ የሚያስከብረው አይደል?»

የእኔ አባት፣ ነፍሱን ይማርና፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ አንድም ቀን አያውቅም ነበር። ደላላው ግን አንዲት አልሳተም። ይህን ከማንም በላይ የማውቅ እኔ ነበርኩ።

ሰውየው ቅዳሜ ለገበያ ሞጣ እንደሚመጣ ጥበቃው ነግሮኛል። ቅዳሜ ወጣሁ። ከሩቅ አየሁት፣ እህል ሲያስለካ ቆሟል። መንገዱን ተሻግሬ በሌላ በኩል ሄድኩ። ልቅረብና ምን ልበለው? ልጅህ ናት ልበለው? እሱማ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ጸጥ አለ። በአባቷ ላይ ያደረግኩትን የሰሙት ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ዳይሬክተሩ በበሩ ሲያልፍ ዝንብ እንኳ አለመሰማቱ ገርሞት፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተሞክሮዬን እንዳካፍል ጋበዘኝ። ተነሥቼ አካፈልኩ። አጨበጨቡልኝ።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ስሠራ ማይነሷን ሆን ብዬ ተውኳት። ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ ተማሪዎቹ ዞርኩና ጠበቅኩ። ስድሳ እጅ ስሕተቴን ይገለብጣል፤ አንድም የተነሣ እጅ የለም። በዴስኮቹ መሀል እየዞርኩ እሷ ጋ ደረስኩ። ደብተሯ ላይ ማይነሷ ቦታዋ ላይ ተጽፋለች። ጎንበስ ስል በመዳፏ ሸፈነችው።