በምላሴ ሥር ያለፈች መስታወት

አሁንማ የከተማው ልጅ ሁሉ ለማማር ነው ዐይኑ ውስጥ የሚከተው። ትናንት ዐይንሽ አረንጓዴ ሆኖ ስትመጪ ያማተብኩት ስለማላውቀው እንዳይመስልሽ። ይሄን ሌንስ የምትሉትን ያየሁት በደርግ ጊዜ ነው፣ እናትሽ ጡት ሳትጥል። አፌ ውስጥም ገብቷል። ጻፊው እንግዲህ።

ወጣቱ እየተለቀመ የሚታሰርበት፣ የሚገደልበት ጊዜ ነበር። የወንድሜ ልጅ ከደሴ ሸሽታ፣ በእህል መኪና ተጭና መካነ ሰላም እኔ ቤት ገባች። ተማሪ ናት። ከልጅነቷ ዐይኗ ደካማ ነው፤ ወፍራም መነጽር ነበር የምታደርገው። የሚፈልጓትም በዚያው ነው፣ «ባለመነጽሯ» እያሉ። እሷ መነጽሩን መንገድ ላይ ጥላ፣ አባቷ ከውጭ አገር ያስመጣላትን መስታወት ሁለቱም ዐይኗ ውስጥ ከታ መጣች። ከጥፍር ያነሰ፣ እንደ ውሃ የጠራ፣ ሲነኩት ግን ጠንከር ያለ ነው። ጠዋት በጣቷ ስትከተው እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

«ያረቢ! ዐይንሽን ልታፈሺው ነው?» ስላት፣

«አይፍሩ አክስቴ፤ ፈረንጅ አገር ሰዉ መነጽሩን እየተወ ይሄን ነው የሚያደርገው» ትለኛለች።

አያትሽ በቅሎ ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሊጠብቃት፣ ከዚያ ዐባይ ወርዶ ጎጃም ሊያሻግራት ቆረጥን። ቁልቁለቱ ገደል ነው፤ ሳያዩ አይወረድም። የገበያ ዕለት ሕዝብ መሀል ሆነን እንድናልፍ፣ ነጠላዬን አልብሼ ቅርጫት አሸክሜ ወጣሁ።

እህል ተራ ስንደርስ አንዲት ጤፍ ሻጭ በሰፌድ ታበጥራለች፤ ነፋሱ እብቁን አምጥቶ ፊታችን ላይ በተነው። ልጅቷ «ዋይ!» ብላ ቁጭ አለች። እብቁ መስታወቱ ሥር ገብቷል። ዐይኗ ደም መሰለ። እጇን ልትሰድ ስትል ቀና ብዬ ባይ፣ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ ወደኛ ይመጣል። እሱ ፊት መስታወት ብታወጣ አለቀላት።

«ምን ሆነች?» አለ።

«ጉድፍ ገባባት፣ ጓድ።»

«እስቲ ቀና በይ፣ ልይሽ።»

እኛ አገር ጉድፍ የምናወጣው በምላስ ነው። ቀድሜው አገጯን ያዝኩና የዐይኗን ቆብ ገልጬ ላስኩት። መስታወቱ ተላቆ ምላሴ ላይ መጣ። ጤፍ ሻጯ «ላሚቱ ጥጃዋን አገኘች! ኧረ ጨው ነስንሺበት!» ብላ ሳቀች፤ እህል ተራው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«ያወጣሽውን አሳዪኛ።»

እብቁ ከመስታወቱ ጋር ይምጣ አይምጣ አላወቅሁም። መስታወቱን በምላሴ ገፍቼ ድዴና ጉንጬ መሀል ሸጎጥኩ። አፌን በምላሴ ስዳብስ አንዲት ቀጭን ነገር ወጋችኝ። አውራ ጣቴ ላይ እንትፍ አልኳት። እብቅ! ጣቴን አፍንጫው ሥር ደገንኩለት።

«ልጅሽ ናት?» አለ።

«ልጄ ናት።» ስናገር መስታወቱ ጥርሴ ላይ ቀጭ አለ።

«ምነው አፍሽ ተኮላተፈ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው።»

ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ፣ ያ ማዶ የቆመው ምንድን ነው?»

የታመመውን ዐይኗን በነጠላ ሸፍና በቀረው አየች። «በሬ። ነጭ በሬ፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ።»

«ልትገዛ ነው የምታስመርጣት?» አለች ጤፍ ሻጯ። ሰዉ እንደገና ሳቀ። እሱ አፍሮ ይሁን ሰልችቶት እንጃ፣ «ሂዱ» አለን።

አያትሽ ጋ እስክንደርስ አፌን አልከፈትኩም። መዳፌ ላይ ስተፋው ጠርዙ ተሸርፏል። በዚያ ላይ ዐይኗ አብጧል፤ መልሳ አትከተው።

«ተመለሺ፤ እስኪሻልሽ እደብቅሻለሁ» አልኳት።

«ሰውየው አይቶኛል አክስቴ። ዛሬ ብቀር ነገ ቤትዎ ይመጣል። አንዱ ዐይኔ ይበቃኛል።»

በቅሎዋን ይዘው ወረዱ። እኔ እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልተኛ። ውሻ በጮኸ ቁጥር መጡብኝ እላለሁ። ከሳምንት በኋላ አያትሽ ብቻውን ተመለሰ፣ እያነከሰ።

«ልጅቷስ?»

«ተሻገረች» አለኝ። «ገደሉ ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ። እጄን ይዛ ያወረደችኝ እሷ ናት።»