የአባባ «ስናግ»

ትናንት መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም፣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝና «ስናግ ናት» አልኩ። ልጄ «ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

አባባ አሰብ ወደብ የክሬን ሠራተኛ ሳለ ከፈረንጅ መሐንዲሶች የለመዳት ቃል ናት። ክሬኑ ለአፍታ ሲቆም ስናግ ናት፤ ቤት ውስጥም ውሃ ሲቋረጥ ስናግ፣ የአዲስ አበባው አውሮፕላን በአቧራ ሲቀር ስናግ። እማዬ «ይሄ ሰውዬ መከራ አያውቅም» እያለች ትስቅበት ነበር።

አንድ ቀን ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ከሥራ መጣ። ምሳ ቀረበ። አባባ ግን ቃሏን አልጠራትም። እማዬ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ዓሣውን ከአጥንቱ ለይታ በእንጀራ ጠቀለለችለት።

«ስናግ ናት፤ በል ጉረስ» አለችው።

ዓይኗ ግን ፋሻው ላይ ነበርና ጉርሻው ጢሙ ላይ ተበተነ።

ልጄን «ትንሽ እንቅፋት ማለት ነው» አልኳት።