ሲያጣስ ምን ይበል?

የመመሪያ ጸሐፊዋ ጣቶች የኮምፒውተሯ ቁልፎች ላይ ይሮጣሉ። የምትጽፈው፣ የአንድ መድኃኒት ቤት ደንበኞችን ለሚያነጋግረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የደንበኛውን መረጃ ወዲያው ስለሚያመጣለት መሣሪያ ነው። ትናንት አስተውሎቱ የአንዲት እናት አዲስ አድራሻ ሳይመጣለት ቢቀር በግምት መለሰና፣ የስኳር መድኃኒታቸው ወደለቀቁት ቤት ሄደ። ደግነቱ ቶሎ ተደረሰበት።

እንደ ልማዷ እያንዳንዱን መስመር ፊደል በስተርጅና ለቆጠሩት አያቷ ታነባለች። ካልገባቸው ትሰርዘዋለች እንጂ አትከራከርም።

«እሺ፣ መረጃውን ሲያጣስ ምን ይበል?» አሉ አያት።

«እሱን አልጻፍኩም፣ እማማ።»

«እንግዲያማ እንደ አጎትሽ ነዋ! እሱም መንገድ ሲጠየቅ አላውቅም ማለት ሞቱ ነው።»

ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስም ጻፈች፦ «ይህን አንብባችሁ መሣሪያውን የምትገጥሙ ሁሉ፣ አደራችሁን! መረጃው ካልመጣ አስተውሎቱ ‹አላገኘሁም› ብሎ ሰው እንዲጠራ አድርጉት። መድኃኒታቸውን የሚጠብቁ እናት አሉ።»